የብሬል መሣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት ስለ ድራይቨሩ ጠይቁ

ለዐይነ ስውራን የተሠራ አንድ ኖትቴከር (በብሬል የሚጻፍበትና የሚነበብበት ተንቀሳቃሽ መሣሪያ) ከ5 ሺህ ዶላር በላይ ሊያስወጣ ይችላል። የብሬል ቁልፎቹና ከፍ ዝቅ እያሉ ጽሑፉን ለጣት የሚያቀርቡት ነጥቦች በጥንቃቄ ከተያዙ ለዓመታት ያገለግላሉ። መሣሪያው ግን ነጥቦቹ ደህና ሆነው ሳለ ከጥቅም ውጭ ሊሆን ይችላል። ሃርድዌሩን ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ጋር የሚያግባባውን ድራይቨር የሚያድስለት ከጠፋ አለቀለት። ስለዚህ ከክብደቱም ነጥቦቹ ከተደረደሩባቸው ሴሎች ብዛትም በፊት መታየት ያለበት ድራይቨሩ ነው እላለሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብሬልኖት የተባለው ኖትቴከር በ2000 ሲወጣ የሚሠራው ለትንንሽ መሣሪያዎች በተዘጋጀው በዊንዶውስ ሲኢ ነበር፤ እነ ብሬልሴንስም ለረጅም ጊዜ በዚያው መንገድ ሄደዋል። ስሙ ዊንዶውስ ስለሆነ የኮምፒውተር ድራይቨር የሚቀበል ይመስላል፤ አይቀበልም። በዊንዶውስ ሲኢ ድራይቨር ለአንድ የፕሮሰሰር ዓይነትና ለአንድ ስሪት ተለይቶ ይዘጋጃል። ኮምፒውተር ላይ ወዲያው የሚሠራ ፕሪንተር ወይም የኔትወርክ ካርድ ኖትቴከሩ ላይ ሲሰካ ዝም የሚለው ለዚህ ነው። ፍላሽ ዲስክ ግን ማንም ያምርተው ማን ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ፍላሾች ሁሉ የሚከተሉት የጋራ ደንብ ስላላቸው አንድ ድራይቨር ለሁሉም ይበቃል። ኖትቴከሮቹ በኋላ ወደ አንድሮይድ መሸጋገራቸው ችግሩን አቃለለው እንጂ አላጠፋውም። በ2016 የወጣው ብሬልኖት ተች የያዘው በ2013 የወጣውን አንድሮይድ 4.4 ነበር፤ ጉግል ደግሞ በ2023 ለዚህ ስሪት የፕሌይ ሰርቪስ ማሻሻያ መስጠት አቆመ። ስሪቱን ለማሳደግ መጀመሪያ የቺፑ አምራች ድራይቨሩን ማደስ አለበት፤ ቀጥሎ የብሬሉ አምራች የቁልፎቹንና የነጥቦቹን ድራይቨር ከአዲሱ ጋር ማስማማት አለበት። ገዢው ጥቂት በሆነበት ገበያ ይህ ወጪ በቀላሉ አይሸፈንም።

ኮምፒውተር ላይ ሲሰካም ጣጣው ይከተላል። ማይክሮሶፍት በ2017 ለዊንዶውስ ስክሪን አንባቢ ለናሬተር የብሬል ድጋፍ ሲጨምር፣ የሚጫነው ድራይቨር መሣሪያውን ለራሱ ይዞ እንደ ጆውስና ኤንቪዲኤ ያሉ ሌሎች ስክሪን አንባቢዎችን ይከለክል ነበር። በኡቡንቱ 22.04 የተፈጠረው ደግሞ ይበልጥ ያሳዝነኛል። አንዳንድ የብሬል መሣሪያዎች የራሳቸው የዩኤስቢ መለያ የላቸውም፤ ከገበያ በሚገዛ ተራ የዩኤስቢ መቀየሪያ ቺፕ ይገናኛሉ። ቢአርኤልቲቲዋይ የተባለው ነፃ የብሬል ሶፍትዌር ያንኑ ቺፕ የያዙ እንደ አርዱዊኖ ያሉ የኤሌክትሮኒክስ ቦርዶችን የብሬል መሣሪያ መስለውት ያዛቸው። በየቦታው የተሰጠው ምክር «ቢአርኤልቲቲዋይን አጥፉት» የሚል ሆነ። ለዐይነ ስውሩ ግን ያ ሶፍትዌር ማለት ስክሪኑ ራሱ ነው። ስህተቱ የመነጨው እነዚያ የብሬል መሣሪያዎች ማንነታቸውን በጋራ ደንብ ስለማይናገሩ ነው።

ደንቡ ግን አለ። በ2018 የዩኤስቢን ደረጃዎች የሚያወጣው ማኅበር፣ አፕል፣ ጉግልና ማይክሮሶፍት የተሳተፉበትን የኤችአይዲ የብሬል ደረጃ ይፋ አደረገ። ኪቦርድና ማውስ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር የሚሠሩት በዚሁ በኤችአይዲ ነው። ኤንቪዲኤ ከ2021 ጀምሮ፣ የአንድሮይዱ ስክሪን አንባቢ ቶክባክም በአንድሮይድ 15 ይደግፉታል። አምራቾች የጋራ ደረጃ ልዩ አገልግሎቶቻችንን ያስቀርብናል የሚል ስጋት ቢያነሱ ይገባኛል፤ ሆኖም ማንበቡና መጻፉ በጋራው ደንብ ሄዶ ልዩው ነገር በላዩ ሊታከል ይችላል። ደረጃው አሮጌ መሣሪያዎችን አያድንም የሚለው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ እውነትም ነው። መልሱን የማገኘው ከራሱ ከቢአርኤልቲቲዋይ ነው። ከ1995 ጀምሮ የተገነባው ይህ ሶፍትዌር ምርታቸው ከቆመ የቆዩ ሞዴሎችን እስከ ዛሬ ያሠራል። አምራቹ የመገናኛ ደንቡን ይፋ ካደረገ፣ ድርጅቱ ቢዘጋ እንኳ ሌላ ሰው ድራይቨር ሊጽፍለት ይችላል።

«ስልክ እያለ ኖትቴከር ለምን?» የሚሉም አሉ። ድምፅ ለዜና ይበቃል፤ ለሒሳብ ቀመርና ለፊደል አጻጻፍ ግን ጣት ያስፈልጋል፤ መስማትም ማየትም ለማይችል ሰው ደግሞ ያለ ብሬል ስልኩ ምንም አይነግረውም። የብሬል ማሳያን ከስልክ ጋር ማገናኘትም ቢሆን የድራይቨር ጥያቄ ነው። ለአማርኛ አንባቢ ተጨማሪ ምክንያት አለ፦ ሊብሉዊ የተባለው ነፃ የብሬል መተርጎሚያ ሶፍትዌር የኢትዮጵያ ፊደል የብሬል ሠንጠረዥ አለው፤ ኤንቪዲኤም ይጠቀምበታል። መሣሪያው በጋራ ደንብ ከተገናኘ አምራቹ አማርኛን ባያውቅም በአማርኛ ማንበብ ይቻላል። ስለዚህ ለትምህርት ቤት ወይም ለድርጅት የምትገዙ ሁሉ፣ ኤችአይዲ ብሬል በዩኤስቢም በብሉቱዝም መሥራቱን፣ የመገናኛ ደንቡ ይፋ መሆኑንና የአንድሮይድ ማሻሻያው እስከ ስንት ዓመት እንደሚቀጥል ሻጩ በጽሑፍ እንዲመልስ ጠይቁ፤ መልሱም ከውሉ ጋር ይያያዝ።