ከመጨረሻው የሚጀምር መዝገብ፦ ፊደልን በትዕዛዝ መስመር መገልበጥ

ሰቆጣ ላይ ሆናችሁ የኽምጣና ቃላት እየሰበሰባችሁ ነው እንበል። ፋይላችሁ በየመስመሩ አንድ ቃል ይዟል። ኽምጣና የአገው፣ ሰፋ ሲል የኩሽ ቤተሰብ ቋንቋ ነው፤ ልክ እንደ አማርኛ ብዙ የሰዋስው ሥራ የሚሠራው ቃሉ መጨረሻ ላይ ነው። በፊደል ተራ የተደረደረ መዝገብ ግን መጨረሻውን አያሳይም። ታዲያ ምን ይሻላል? ቃላቱን ገልብጦ መደርደር፣ ከዚያ መልሶ መገልበጥ።

በሊኑክስ «ሬቭ» የሚባለው ትዕዛዝ እያንዳንዱን መስመር ከኋላ ወደ ፊት ይጽፋል። «ታክ» ደግሞ ፊደሉን ሳይነካ የመስመሮቹን ቅደም ተከተል ይገለብጣል፤ ስሙ ራሱ ፋይል የሚያሳየው «ካት» ተገልብጦ ነው። ለኛ ሥራ የሚሆነው ሬቭ፣ ቀጥሎ «ሶርት»፣ ቀጥሎ እንደገና ሬቭ ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ወጥመዶች አሉ።

አንደኛ፣ በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ፕሮግራሙ ፊደሉን ትቶ ባይቱን ከገለበጠ የሚወጣው የማይነበብ ነገር ነው። ስለዚህ የኮምፒውተሩ የቋንቋ ቅንብር ዩቲኤፍ-8 መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ሁለተኛው ረቀቅ ይላል። ፊደላችን ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ይይዛል። በአማርኛ እንየው፦ ቤቶች፣ ሄደች፣ ልጆች። ሲገለበጡ ችቶቤ፣ ችደሄ፣ ችጆል ይሆናሉ። ሲደረደሩም ግሱ «ሄደች» በሁለቱ ብዙ ቁጥሮች መሃል ይገባል፤ ምክንያቱም የብዙ ቁጥር ምልክቱ «ኦ» በ«ቶ»ና በ«ጆ» ውስጥ ተደብቋል። መላው፣ ከመገልበጥ በፊት ፊደሉን መበተን ነው፦ ብኤትኦች፣ ህኤድኧች፣ ልጅኦች። አሁን ሁለቱ ስሞች በ«ችኦ» ጎን ለጎን ይቆማሉ፣ ግሱም በ«ችኧ» ለብቻው ይወጣል።

ሦስተኛው ግን ሥራችሁን ያጠፋል። ውጤቱን በ«>» ምልክት ወደዚያው ፋይል አትመልሱ! ትዕዛዙ ማንበብ ሳይጀምር ፋይሉ ባዶ ይሆናል። ሁልጊዜ በሌላ ስም አስቀምጡ፣ ዋናውንም ቅጂ አውጡለት። የተገለበጠ ፊደል ይመለሳል፤ ከአንድ አዛውንት አፍ ተሰምቶ የተጻፈ ቃል ግን አንዴ ከጠፋ ላይመለስ ይችላል።