የቤት ጥገናና የባለቤቱ ኃላፊነት

በካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ የሚገኘው የዐማራት ሰፈር በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በተቀሰቀሰው ጦርነት የውጊያ ቀጣና ሆኖ ነበር። የሱዳን ጦር ከተማይቱን በመጋቢት 2017 ዓ.ም. መልሶ ከያዘ ወዲህ፣ ወደ ቤቱ የሚመለስ ባለንብረት ሁሉ ግንበኛ መጥራቱ አይቀርም። «ሥራውን ለተቋራጭ ከሰጠሁ ምን አገባኝ?» የሚለው አስተሳሰብ ግን በዚያም በዚህም አለ።

የሱዳን ሕግ የራሱ ነው፤ እኛ የአገራችንን እንመልከት። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በአንቀጽ 2077፣ ሕንፃ ለሚያደርሰው ጉዳት፣ አስቀድሞ ያልታሰበ ቢሆን እንኳ፣ ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል። ራሱን ችሎ የሚሠራ ተቋራጭ ለሚፈጽመው ጥፋት ግን አሠሪው በኃላፊነት አይያዝም። እንግዲህ ግንበኛው መዶሻ ቢጥል አንድ ነገር ነው፤ የተሰነጠቀው ግድግዳ በመንገደኛ ላይ ቢናድ ሌላ። በየሰዓቱ እያዘዘ የሚያሠራ ባለቤትም የተቋራጩን ነፃነት በገዛ እጁ ያጠፋል።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ አደጋ ቢደርስ ካሣውን ማን እንደሚሸከም ይገለጥበት እንላለን። ይህ ወረቀት የተጎዳውን መንገደኛ ከመክሰስ አያግደውም፤ ባለቤቱ የከፈለውን ከተቋራጩ ለመጠየቅ ግን ማስረጃው ይኸው ነው።