ፍቅር እስከ መቃብር በቴሌቪዥን መስኮት

በአራዳ ከፍታ፥ ከቸርችል ጎዳና ራስ ላይ የቆመውና አርቱሮ ሜዜዲሚ የተባለው ጣሊያናዊ የሕንፃ ሊቅ ንድፉን ያወጣለት የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ፥ በፒያሳ ለሚያልፈው መንገደኛ የጉዳይና የአቤቱታ ቤት ብቻ ቢመስለውም፥ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ቶምሰን በተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ረዳትነት ጥቁርና ነጭ ሥዕሉን ማሰራጨት የጀመረው ከዚሁ ሕንፃ ውስጥ ነበር። በማግሥቱ ዓመት፥ በ1958 ዓ.ም.፥ የሐዲስ አለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ታትሞ ወጣ። በአንድ ዓመት ልዩነት የተወለዱት መሣሪያና መጽሐፍ ግን፥ ልብ ወለዱ በ2017 ዓ.ም. መባቻ ግድም በኢቢሲ ተከታታይ ድራማ ሆኖ እስኪታይ ድረስ፥ ስድሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀር ተራርቀው ኖሩ።

መጽሐፉ ከስሙ የተነሣ የሁለት ወጣቶች የፍቅር ታሪክ ብቻ ተደርጎ ቢታሰብም፥ መሠረቱ የአንድ ልጅ አስተዳደግ ነው። ወላጆቹ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ገና በሕፃንነቱ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት በዛብህ፥ ከጎጃም ማንኩሳ ተነሥቶ በአብነት ትምህርት ቤት ሥርዓት ካደገ በኋላ፥ ለፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ለሰብለ ወንጌል አስተማሪ ሆኖ ወደ መኳንንት ቤት ይገባል፤ ከዚያም ልቡ ስለቱንና የዘር አጥሩን በአንድነት ሲጥስ ወደ አዲስ አበባ ይሸሻል። ይህን መሰሉን፥ ጀግናውን ከልጅነት አንሥቶ እስከ አእምሮ ብስለት የሚከተል ድርሰት፥ የንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዞች እጅግ ይወድዱት ነበር። የቻርልስ ዲከንስ «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» ባለታሪክ ፒፕም፥ በብረት ቀጥቃጭ ቤት ያደገ ድኻ ልጅ ሳለ፥ ከደረጃው በላይ ያለችውን ኤስቴላን ወድዶ ወደ ሎንዶን የሚሄድ ነውና፥ ሁለቱ ልጆች ቢገናኙ ብዙ የሚጫወቱት ነገር አያጡም ነበር።

ዲከንስ ያን ድርሰት በመጽሐፍ መልክ ከማውጣቱ በፊት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1860 እስከ 1861 በሳምንታዊ መጽሔቱ በ36 ክፍል እየከፋፈለ ስላሳተመው፥ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ቢቢሲ በ1981 በ12 ክፍል፥ በ2011 ደግሞ በ3 ክፍል ለቴሌቪዥን ሲያዘጋጀው፥ ታሪኩ ወደ ቀድሞ ልማዱ ተመለሰ እንጂ እንግዳ ነገር አልደረሰበትም። የእንግሊዝ አዘጋጆች የሚቸገሩት በፍጻሜው ነው፤ ደራሲው በወዳጁ ምክር የመጀመሪያውን አሳዛኝ መደምደሚያ ለውጦ ለተስፋ በር ስለ ከፈተ፥ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚከተሉ መምረጥ አለባቸው። ሐዲስ አለማየሁ ግን ፍጻሜውን በመጽሐፉ ልባስ ላይ በርእስነት ጽፈውት ስላለፉ፥ ኢትዮጵያዊው አዘጋጅ ከዚህ ጭንቀት ነጻ ነው።

ጭንቀቱ ከሌላ አቅጣጫ ይመጣበታል። በሲኒማ ኢትዮጵያና በሲኒማ አምፒር የውጭ አገር ፊልም፥ በሀገር ፍቅር ቴአትር ደግሞ ተውኔት ማየት የለመደው የፒያሳ ሰው፥ በዛብህን ግን በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ነው ያወቀው፤ ምክንያቱም የመድረኩ ሊቅ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ሲተርከው፥ ማንበብ ያልቻለውም፥ ማንበብ ችሎ መጽሐፉን ያላገኘውም፥ አግኝቶ ያነበበውም ጭምር በዚያ ድምፅ ተማርከዋል። ወጋየሁ በአንድ ጉሮሮ የፊታውራሪን ቁጣ፥ የሰብለን እፍረትና የዘመዳቸውን የጉዱ ካሣን ሽሙጥ እየለያየ ሲያወጣ፥ መልኩን ለመሣል የተተወው ሥራ የአድማጩ ነበር፤ እያንዳንዱም አድማጭ ለሰብለ ወንጌል ራሱ የሚያውቃትን ቆንጆ መልክ፥ ለፊታውራሪም የሚፈራውን ሽማግሌ ፊት ሰጥቷቸዋል። ትረካው ዛሬም በስልክና በኢንተርኔት እየተደመጠ ስለሆነ፥ ተዋናይ መራጩ የሚወዳደረው ከደራሲው ብዕር ጋር ሳይሆን፥ እያንዳንዱ ቤተሰብ በየልቡ ካኖራቸው ሥዕሎች ጋር ነው። ከእነዚህ ሥዕሎች ጋር ተወዳድሮ ሁሉን የሚያስደስት ተዋናይ ይገኛል ብዬ አላምንም፤ ቢገኝ እንኳ መልኩ ሲወደድ ድምፁ ይነቀፋል።

ቢሆንም ካሜራ ድምፅ ብቻውን የማይችለውን ይችላል። በዛብህ በልጅነቱ አንድ ሰው፥ በጉልምስናው ሌላ ሰው ሆኖ በሁለት ተዋንያን መታየቱ፥ ዕድሜ በፊትና በቁመት ላይ የሚሠራውን በአንድ ትዕይንት ለውጥ ያስረዳል። የአብነት ተማሪው ደበሎ፥ የቆሎ ትምህርት ቤቱ ጎጆ፥ የባላባቱ አዳራሽ፥ ጌታው ማን ጭሰኛው ማን እንደሆነ የሚለየው የአቀማመጥ ሥርዓት፥ በመጽሐፍ ብዙ ገጽ የሚፈጀውን በጥቂት ቅጽበት ለዓይን ያደርሳሉ። አዲስ አበባን ብቻ ለሚያውቀው የከተማ ልጅ፥ ጭሰኛው በጌታው ፊት እንዴት ይቆም እንደ ነበር ማየቱ ከብዙ የታሪክ ትምህርት ይበልጣል።

ከሁሉ የሚከብደው ጉዱ ካሣ ነው። የፊታውራሪ ዘመድ ሆኖ ሳለ የዘመዶቹን ልማድ የሚነቅፈው ይህ ሰው በመጽሐፉ ውስጥ ከሚሠራው የሚናገረው ይበዛልና፥ ንግግሩን እንዳለ ያስቀመጠ አዘጋጅ ድራማውን ስብከት ያደርገዋል፤ ቆርጦ የጣለው ደግሞ ልብ ወለዱን ከሌላው የፍቅር ታሪክ የለየውን አሳብ አብሮ ይጥላል። የሚሻለው መንገድ፥ በእኔ ግምት፥ እርሱ እየተናገረ ሳለ ካሜራው የሚሰሙትን ሰዎች ፊት እንዲያሳይ ማድረግ ነው፤ ያን ጊዜ እብድ የተባለው ሰው የሚናገረው ማንን እንዳስደነገጠ፥ ማንንም እንዳላሳቀ ተመልካቹ ያለ አስረጂ ያየዋል።