የጥራት ሥራ አመራር ግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና

የጥራት ሥራ አመራር ግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና አንድ ድርጅት የዘረጋው የጥራት ሥርዓት ምን እንደሆነ፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ በሥርዓቱ ውስጥ ምን ድርሻ እንዳለውና አሠራሩ ሲጣስ ምን እንደሚከተል ለሠራተኞች የሚያስረዳ ትምህርት ነው። ከሙያ ሥልጠና የተለየ ነው። የሙያ ሥልጠና ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ያስተምራል፤ የግንዛቤ ሥልጠና ደግሞ ለምን በዚያ መንገድ መሠራት እንዳለበት ያስረዳል።

ሥልጠናው ይበልጥ የሚያስፈልገው ጥራቱ በብዙ ሰዎች እጅ በሚወሰንና የተበላሸውን ኋላ ላይ ማስተካከል በማይቻልበት ሥራ ነው። በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒ፣ በበበቃና በሸዋ ቤንች አካባቢ የሚካሄደው የቡና ሥራ ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ይሆናል።

ታሪክ

የጥራት ሥራ አመራር ስታንዳርዶች መነሻ በአብዛኛው የጦር መሣሪያና የከባድ ኢንዱስትሪ ምርት ቁጥጥር ነው። ብሪታንያ ቢኤስ 5750 የተባለውን ስታንዳርድ እ.ኤ.አ. በ1979 አወጣች። ዓለም አቀፉ የስታንዳርዶች ድርጅት (አይኤስኦ) ይህንን መሠረት አድርጎ አይኤስኦ 9001ን እ.ኤ.አ. በ1987 አሳተመ። የመጀመሪያው እትም የሚናገረው ስለ ሥልጠና ብቻ ነበር። በ2000 እትም «ግንዛቤ» የሚለው ቃል ከብቃትና ከሥልጠና ጋር በአንድ አንቀጽ ገባ፤ በ2015 እትም ደግሞ ራሱን የቻለ ንዑስ አንቀጽ (7.3) ሆነ።

በኢትዮጵያ የጥራትና ደረጃዎች ባለሥልጣን በ2003 ዓ.ም. በአራት ተቋማት ተከፍሏል፤ እነዚህም ስታንዳርድ የሚያወጣው፣ የሥነ ልክ፣ የተስማሚነት ምዘናና የአክሪዲቴሽን ተቋማት ናቸው። በዚያው ዘመን የጃፓኑ የካይዘን አሠራር በጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ኤጀንሲ (ጃይካ) ድጋፍ በ30 ድርጅቶች ተሞከረ፤ በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ካይዘን የሚጀምረው ተራው ሠራተኛ የራሱን የሥራ ቦታ ችግር እንዲያይ በማድረግ ስለሆነ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ከጥራት ግንዛቤ ጋር የተዋወቁት በዚህ መንገድ ነው።

የስታንዳርዱ መስፈርት

በአይኤስኦ 9001፡2015 ንዑስ አንቀጽ 7.3 መሠረት ሠራተኞች አራት ነገሮችን ማወቅ አለባቸው።

1. የድርጅቱን የጥራት ፖሊሲ፤
2. ሥራቸውን የሚመለከቱ የጥራት ግቦችን፤
3. ሥርዓቱ ውጤታማ እንዲሆን የሚያበረክቱትን ድርሻና የተሻለ አሠራር የሚያስገኘውን ጥቅም፤
4. የሥርዓቱን መስፈርቶች አለማሟላት የሚያስከትለውን።

ስታንዳርዱ ግዴታውን የሚያያይዘው «በድርጅቱ ቁጥጥር ሥር ሥራ ከሚያከናውኑ ሰዎች» ጋር እንጂ ከቋሚ ሠራተኞች ጋር ብቻ አይደለም። ስለዚህ የቀን ሠራተኞች፣ የኮንትራት ሠራተኞችና በለቀማ ወቅት ብቻ የሚመጡ ለቃሚዎችም ይካተታሉ።

በደቡብ ምዕራብ የቡና ሥራ

የቤንች ሸኮ ዞንና የቴፒ አካባቢ ከደን ቡና ጀምሮ እስከ ሰፋፊ እርሻዎች ድረስ የተለያዩ የቡና አመራረት ዓይነቶች የሚገኙበት ነው። ከሚዛን ተፈሪ በስተ ደቡብ ምዕራብ ያለው የበበቃ ቡና እርሻ ወደ 10 ሺህ ሄክታር ይዞታ ያለውና በአገሪቱ ካሉት ትልልቅ የቡና እርሻዎች አንዱ ነው። በዚህ ዓይነት ሥራ የምርቱ ጥራት የሚወሰነው ከቢሮ ይልቅ በሚከተሉት ቦታዎች ነው።

ለቀማ፦ የበሰለ ቀይ እሸት ብቻ መለቀም አለበት። ያልበሰለ አረንጓዴ ፍሬ ሲቀላቀል ቡናው ሲቀመስ አፍ የሚያኮማትር ጣዕም ያመጣል።

ፍልፈላ፦ ለሚታጠብ ቡና እሸቱ በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት። በጆንያ ታፍኖ ካደረ መብላላት ይጀምራል። በመብላላት የተበላሹ ጥቂት ፍሬዎች አንድ ሲኒ ሙሉ ሊያበላሹ ይችላሉ።

ማድረቅ፦ ቡናው መሬት ላይ ሳይሆን በአልጋ ላይ ስስ ሆኖ ተሰጥቶ፣ በየጊዜው እየተገላበጠ፣ ርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ገደማ እስኪወርድ ድረስ መድረቅ ይኖርበታል። በደቡብ ምዕራብ የዝናቡ ወቅት ረጅም በመሆኑ ዝናብ ሲመጣ ወዲያው መሸፈን የግድ ነው። በደንብ ያልደረቀ ቡና ይሻግታል፤ አንዳንድ ሻጋታዎችም ኦክራቶክሲን ኤ የተባለ መርዝ ያመነጫሉ። የአውሮፓ ኅብረት በተቆላ ቡና ላይ የሚፈቅደውን የዚህን መርዝ መጠን ከእ.ኤ.አ. 2023 ጀምሮ በኪሎ ግራም ከ5 ወደ 3 ማይክሮ ግራም ዝቅ አድርጎታል።

ማከማቸት፦ ቡና በአካባቢው ያለውን ሽታ ይስባል። በሚዛንና በቴፒ አካባቢ ኮረሪማ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ዝንጅብልና እርድ ስለሚመረቱ፣ ቡናን ከቅመም፣ ከነዳጅ ወይም ከኬሚካል ጋር በአንድ መጋዘን ማስቀመጥ ጣዕሙን ያበላሻል።

በኢትዮጵያ ምርት ገበያ የቡና ደረጃ ሲወጣ 40 በመቶው የሚሰጠው ለጥሬው ፍሬ ሁኔታ፣ 60 በመቶው ደግሞ ለቅምሻ ውጤት ነው። ቀማሹ የሚያገኘው ጉድለት ከሳምንታት በፊት በማድረቂያ አልጋ ላይ የተፈጠረ ሊሆን ይችላል። ምርመራው ጉድለቱን ይገልጠዋል እንጂ አያስተካክለውም።

የጃፓኑ አጋጣሚ

እ.ኤ.አ. በ2008 ከኢትዮጵያ የቡና ገዢዎች ዋነኛ ከሆኑት አንዷ የነበረችው ጃፓን ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ ከተፈቀደው መጠን በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘች። ወደ ጃፓን የሚላከው ቡናም በእጅጉ ቀነሰ። አብዛኛው የኢትዮጵያ ቡና ያለ ፀረ ተባይ ስለሚመረት ጥርጣሬው ከማሳው ይልቅ ቡናው በተሞላበት ጆንያ ላይ አረፈ።

አጋጣሚው በግንዛቤ ሥልጠና ውስጥ አራተኛውን ነጥብ ለማስረዳት ይጠቅማል። ጆንያ የሚያቀርበው፣ የሚያከማቸውና የሚሞላው ሠራተኛ ቡናውን ባያለማም ባያጥብም፣ የሚሠራው ሥራ የአገርን ገበያ ሊነካ ይችላል።

አሰጣጥ

ውጤታማ ሥልጠና ለሁሉም አንድ ዓይነት አይሆንም። ለቃሚው የጥራት ፖሊሲውን በቃሉ መያዝ አያስፈልገውም፤ ቅርጫቱ ውስጥ የሚገባው ፍሬ ኋላ ምን እንደሚሆን መረዳት ግን አለበት። የተለመዱት ዘዴዎች ከሥራ በፊት የሚደረግ አጭር ገለጻ፣ ጥሩና የተበላሸ ፍሬ ጎን ለጎን ማሳየት፣ በሥራ ቦታ የሚሰቀል ሥዕላዊ ማስታወቂያ እንዲሁም ሁለቱን ዓይነት ቡና አፍልቶ ሠራተኞች እንዲቀምሱ ማድረግ ናቸው።

ቋንቋም ወሳኝ ነው። በአካባቢው ከአማርኛ ሌላ ቤንችኛ፣ ሸክኛ፣ መኢኒትኛና ካፊኛ ይነገራሉ፤ በለቀማ ወቅት ደግሞ ከሌሎች አካባቢዎች ሠራተኞች ይመጣሉ። ሠራተኛው በማይረዳው ቋንቋ የተሰጠ ገለጻ ተሰጥቷል ተብሎ ቢመዘገብም ግንዛቤ አያስገኝም።

ማረጋገጫ

የስም መቆጣጠሪያ ላይ የተፈረመ ፊርማ ሰውየው በሥልጠናው መገኘቱን እንጂ መረዳቱን አያሳይም። ስለዚህ ኦዲተሮች ሠራተኛውን በሥራ ቦታው ያነጋግራሉ። የሚጠየቀው ለምሳሌ «ይህን አልጋ ለምን ትሸፍናለህ?»፣ «ሻጋታ ብታዪ ለማን ትናገሪያለሽ?» የሚል ነው። የተመለሰ ምርት ብዛት፣ የርጥበት ልኬት መዝገብና የቅምሻ ውጤትም ከሥልጠናው በፊትና በኋላ ሊነጻጸሩ ይችላሉ።

የሥልጠናው ውስንነት

ግንዛቤ ብቻውን ጥራትን አያስገኝም። ለቃሚ የሚከፈለው በኪሎ ከሆነ ቀይ ፍሬ እየመረጠ የሚለቅም ሰው ቅርንጫፉን ሙሉ ከሚያራግፈው ያነሰ ያገኛል። እንዲህ ባለ ቦታ ሠራተኛው ምን ማድረግ እንዳለበት ቢያውቅም ክፍያው ወደ ሌላ ይገፋዋል፤ በተመረጠ እሸት ላይ የተሻለ ዋጋ መክፈል ይህን ግጭት ይቀንሳል። መሸፈኛ ሸራ በሌለበት ዝናብ ሲመጣ አልጋውን ሸፍን ብሎ ማስተማርም ዋጋ የለውም። በዚህ ምክንያት አይኤስኦ 9001 ከሠራተኛው ግንዛቤ በተጨማሪ የአመራሩን ኃላፊነትና ለሥራው የሚያስፈልገውን አቅርቦት በሌሎች አንቀጾቹ ይጠይቃል።