አሞሌው ወጣ፣ ፖታሹ ቀረ

በአፋሩ የደናክል ረባዳ፣ አሳሌ የጨው ሜዳ ላይ ሥራ የሚጀመረው ፀሐይዋ ሳትበረታ ነው። አንዱ ረጅም እንጨት በጨው ቅርፊቱ ስንጥቅ ውስጥ ሰክቶ ይፈነቅላል፣ ሌላው በመጥረቢያ ይቆርጣል፣ ሌላው ጠርቦ መልክ ያስይዘዋል። ቀኑ ሳይጋመስ አሞሌው ተደርድሮ ግመሉን ይጠብቃል። አሁን አሁን የጭነት መኪናውም ግመሉን እየቀደመው ነው። ቦታው ከባሕር ወለል 120 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ ሲሆን፣ ከሠራተኞቹ እግር ሥር ያለው ጨው ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚወፍር ይገመታል።

በዚሁ ጨው ውስጥ ለማዳበሪያ የሚሆነው የፖታሲየም ጨው፣ ፖታሽ አለ። አሞሌውን አፋሩ እየቆረጠ፣ አርሆ የሚባለው የትግራይ ሲራራ ነጋዴ እየጫነ፣ ደገኛው በአንድ ወቅት እንደ ገንዘብ እየተገበያየበት ስንት ዘመን ኖረ። ፖታሹ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ተፈልጎ፣ ተቆፍሮ፣ ተለክቶ፣ ተፈርሞበት እስከ ዛሬ ለገበያ በሚበቃ መጠን በዘላቂነት ሊወጣ አልቻለም። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ሁሉ ጨው እዚያ ምን ያደርጋል? አፋር የአረቢያ፣ የኑቢያና የሶማሊያ የመሬት ሰሌዳዎች የሚላቀቁበት ቦታ ነው። ሰሌዳዎቹ ሲሸሹ በመሃል ያለው የመሬት ቅርፊት ይሳሳል። በደጋው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚወፍረው ቅርፊት ደናክል ላይ 15 ገደማ ብቻ ነው። የሳሳው መሬት ሲሰምጥ ቀይ ባሕር እየገነፈለ ገባ። የመጨረሻው ጎርፍ የዛሬ 120 ሺህ ዓመት ገደማ እንደነበር በረባዳው ዳርና ዳር ደርቀው የቀሩት የኮራል ድንጋዮች ይመሰክራሉ። ከዚያ መሬቱና እሳተ ገሞራው መግቢያውን ዘጉት፤ የተዘጋበት ባሕር በፀሐይ ተነነ።

የባሕር ውሃ ሲተን ጨዎቹ በየተራ ነው የሚረግፉት። መጀመሪያ ጂፕሰሙ፣ ቀጥሎ የወጥ ጨዋችን፣ ውሃው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ደግሞ ፖታሽ የያዙት ካይናይት፣ ካርናላይትና ሲልቫይት። ስለዚህ ፖታሹ የድስቱ የመጨረሻ ጭማቂ ነው፤ ከላይ በኩል ይገኛል። በካናዳዋ ሳስካችዋን ለፖታሽ ወደ አንድ ኪሎ ሜትር ይወረዳል፤ በደናክል ምዕራባዊ ጠርዝ ግን በአሥር ሜትሮች የሚቆጠር ጥልቀት ላይ ይደረስበታል። ባለሀብቱን ሁሉ የሚያማልለው ይኸው ቅርበት ነው።

መሬቱ ግን ሥራውን አልጨረሰም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ከአሳሌ ጎን ካለው ከዳሎል በስተደቡብ፣ ዳባሁ አካባቢ፣ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም መሬት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። ሰሌዳዎቹ በተለመደው እርምጃቸው ለዚያ ያህል ርቀት ብዙ መቶ ዓመታት ይፈጅባቸው ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎቹ አታላይ አየለና ገዛኸኝ ይርጉ ከእንግሊዝ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ክስተቱን በ2006 በኔቸር መጽሔት አወጡት። ውቅያኖስ እንዴት እንደሚወለድ በሰው ዕድሜ ውስጥ ከታየባቸው ጥቂት አጋጣሚዎች አንዱ ነው። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ደግሞ ለሺህ ዓመታት ዝም ብሎ እንደኖረ ይታሰብ የነበረው ሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱን እስከ ሕንድ ሰማይ ሰደደው። እዚህ ፋብሪካ ለማቆም የሚያስብ ሰው ከማንም በፊት የሚደራደረው ከዚህ መሬት ጋር ነው።

ወደ ፖታሹ እንመለስ። ጣሊያኖች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ ከመርሳ ፋጥማ ወደብ ዳሎል አጠገብ እስካለው ኩሉሊ ጠባብ ሐዲድ ዘርግተው 50 ሺህ ቶን ያህል እንዳወጡ ይነገራል። ከጦርነቱ በኋላ ጀርመንና ሌሎች ወደ ገበያው ሲመለሱ የዳሎሉ ሥራ ቀዘቀዘ። በ1960ዎቹ ፓርሰንስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ መጥቶ ብዙ ቆፈረ፤ ማዕድን ማውጫው በውሃ ሲጥለቀለቅ ትቶት ሄደ። ዳሎል በዓለም ሞቃቱ የሰው መኖሪያ ሲባል የሚጠቀሰው ከ34 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሆነ ዓመታዊ አማካይ ሙቀት የተለካውም በዚያው የፖታሽ ፍለጋ ዘመን ነው። ከዚያ ሁሉ ልፋት ለዓለም የተረፈው አንድ የሙቀት ቁጥር መሆኑ ትንሽ ያስቃል።

በእኛ ዘመን ተራው የካናዳው አላና ሆነ። በ2015 የእስራኤሉ አይ ሲ ኤል ኩባንያውን ገዛው፤ በ2016 ደግሞ መንግሥት ያልተገባ ግብር ጠየቀኝ፣ መሠረተ ልማትም አላሟላልኝም ብሎ ወጣ። የኖርዌዩ ያራ ለ23 ዓመታት በየዓመቱ 600 ሺህ ቶን ፖታሲየም ሰልፌት የማምረት ዕቅድ ይዞ ነበር። ሰርከም የተባለ ሌላ ኩባንያም ፈቃድ አገኘ። ጅቡቲ ለዚህ ጭነት ስትል በ2017 የታጁራን ወደብ አስመረቀች። ቀጥሎ የሰሜኑ ጦርነት መጣ፤ ውጊያው በርሃሌንና አብዓላን አዳርሶ ሰውን ከቀየው አፈናቀለ።

እንግዲህ ችግሩ የጂኦሎጂ እውቀት ማነስ አይደለም። የፖታሹ ንብርብር የት እንዳለ ከታወቀ ቆይቷል። የታሰበው ዘዴ ውሃ ወደ ጉድጓድ ሰድዶ ጨውን ማሟሟት፣ ብጥብጡን ስቦ በገንዳ ማስተኛት፣ የቀረውን ለፀሐይ መተው ነው። ፀሐይ ሞልቷል። ውሃው ነው እንቆቅልሹ። በአካባቢው ያለው ጨው አልባ ውሃ ከትግራይ ተራሮች ወርዶ በገደሉ ግርጌ ደለል ውስጥ የሚጠራቀመው ነው፤ ያው ውሃ ደግሞ የአፋር አርብቶ አደር፣ የፍየሉና የግመሉ ነው። ከዚያ ላይ እስከ ወደብ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር መንገድ አለ። የጣሊያኖቹ ባሕር ቅርብ ነበር፤ ዛሬ ግን በመሃል የኤርትራ ድንበር አለ።

አንድ ስሕተትም ሳይታረም እየተደጋገመ ነው። «ዳሎል ሥራ ቢጀምር ማዳበሪያ ከውጭ መግዛት ይቀር ነበር» ይባላል። አይቀርም። ገበሬያችን በዋነኛነት የሚጠቀመው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው፤ ዩሪያ ከፖታሽ አይሠራም። አፈራችን ፖታሲየም አይጎድለውም የሚለው የቆየ እምነት በኋለኞቹ የአፈር ጥናቶች ጥያቄ ቢነሳበትም፣ እነ ያራ ያቀዱት በዋናነት ለውጭ ገበያ ነበር። ስለዚህ ዳሎልን እንደ ዶላር ምንጭ እንመዝነው፤ እንደ ማዳበሪያ ተአምር ግን አንጠብቀው።

ዳሎልን የሚፈልጉት ማዕድን ፈላጊዎች ብቻም አይደሉም። ቢጫውና አረንጓዴው ገንዳ እጅግ አሲዳማ ከመሆኑ የተነሣ የአሲድነት መለኪያው (ፒኤች) ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ምንጮቹ ከ100 ዲግሪ በላይ ይፈላሉ። በ2004 ኦፖርቹኒቲ የተባለችው ተሽከርካሪ ማርስ ላይ ያገኘችው፣ በአሲዳማ ውሃ የሚፈጠረው ጃሮሳይት የተባለ ማዕድን ዳሎልም ላይ አለ። ለዚህ ነው የማርስን ጥንታዊ ውሃ የሚያጠኑ ሰዎች ወደ አፋር የሚመላለሱት። በ2019 የስፔኑ ፌሊፔ ጎሜዝና ባልደረቦቹ በዚያ እጅግ ደቃቅ ሕዋሳት አገኘን አሉ። በዚያው ዓመት ፈረንሳይ ያለችው ፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ-ጋርሲያ ከባልደረቦቿ ጋር እጅግ አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ገንዳዎች ውስጥ ሕይወት የለም ስትል ደመደመች፤ ከመሬት ላይ በነፋስና በሰው የገባን ብክለት ለይታ ነው የፈተሸችው። እኔን ያሳመነኝ የሁለተኛዋ ጥንቃቄ ነው። ፈሳሽ ውሃ ያለበት ሁሉ ሕይወት አለበት ማለት አይደለም፤ ማርስ ላይ ውሃ ያየ ሰው ይህን ከዳሎል ይማራል።

ለሳይንሱ ዳሎል ከበቂ በላይ ሰጥቷል። የዓለም አቀፉ የጂኦሎጂ ሳይንሶች ኅብረት በ2022 ከመረጣቸው የመጀመሪያዎቹ 100 የጂኦሎጂ ቅርሶች መካከል ደናክልን አስገብቷል። ለአፋሩ የሰጠው ግን ዛሬም አሞሌ ነው።

ነገ ሌላ ኩባንያ ይመጣል፤ ማዕድኑ አለና። የማዕድን ሚኒስቴር ያን ቀን ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር በግልጽ ያስቀምጥ፦ እስከ ዛሬ ከተቆፈረው ሁሉ የወጣው ናሙናና መረጃ በአገር ውስጥ ተሰብስቦ የት እንደሚቀመጥ፣ ኩባንያው በቀን ስንት ውሃ ከየትኛው ጉድጓድ እንደሚወስድ፣ አሳሌ ላይ ጨው የሚቆርጠው ሰው ከትርፉ ምን እንደሚደርሰው። ሦስተኛው ወረቀት በአፋርኛም ይጻፍ።