መኪና በውሃ ይሄዳል? ሳጥኗ ውስጥ ያለውን ሒሳብ እንሥራው

ቲክቶክ ወይም ዩቲዩብ ላይ ሳታዩት አትቀሩም። አንድ ሰው ከባትሪ ጋር የተገናኘች ትንሽ ሳጥን ያሳያል፣ ዕቃ ውስጥ ያለው ውሃ አረፋ ይደፍቃል፣ ሞተሩ ይነሳል። "ቤንዚን ቀረ" ይባላል። ማደያ ተሰልፎ ለዋለ ሰው ይሄ ትልቅ ተስፋ ነው። ሳጥኗን ቤቱ ሠርቶ ለመሞከር የሚያስብም አለ። ስለዚህ ብርም ዓይንም ሳይጠፋ ነገሩን ረጋ ብለን እንየው።

ሳጥኗ ምንድነው የምትሠራው?

የመኪና ባትሪ 12 ቮልት ነው። ይሄ ብቻውን ካንዴላ ላይ ብልጭታ አይፈጥርም። ለዚህ ነው በቤንዚን መኪና ላይ ኮይል ያለው፤ 12ቱን ቮልት ከ20,000 በላይ ያደርሰዋል። ቤት ውስጥ የሚሠሩት ሳጥኖችም ሐሳባቸው ያው ነው። ኤሌክትሪኩን በጣም በፍጥነት እያበሩና እያጠፉ በኮይል ቮልቱን ያሳድጉና ውሃው ውስጥ ይለቁታል።

እስከዚህ ድረስ ውሸት የለም። ኤሌክትሪክ ውሃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ይከፍላል፣ ሃይድሮጅንም ይቀጣጠላል። ግን ቮልት ስለጨመረ ጋዝ አይጨምርም። ውሃ ለመክፈል 2 ቮልት አካባቢ ይበቃል፤ የጋዙን ብዛት የሚወስነው አምፒር ነው። ኮይል ደግሞ ቮልቱን ሲያበዛ አምፒሩን ይቀንሳል።

ውሃ አመድ ነው

ከሰል ነዶ ሲያልቅ የሚቀረው አመድ ነው፤ አመድ ደግሞ መልሶ አይነድም። ሃይድሮጅን ሲነድስ ምን ይቀራል? ውሃ። ውሃ የሃይድሮጅን አመድ ነው ማለት ነው።

እስቲ እንጦጦን አስቡት። ከላይ የሚወርድ ውሃ ወፍጮ ሊያዞር ይችላል። ታች ከደረሰ በኋላ ግን ድጋሚ እንዲያዞርላችሁ ከፈለጋችሁ ተሸክማችሁ ወደ ላይ መመለስ አለባችሁ። የምታወጡት ጉልበት ወፍጮው ከሚሰጣችሁ አያንስም። ውሃን መክፈል ያው ሸክም ነው።

በብር እንቁጠረው

የ100 ብር ቤንዚን ቀዳችሁ እንበል። ሞተሩ ወደ ጉልበት የሚቀይረው 25 ብር ያህሉን ነው፣ ሌላው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ዲናሞው ያንን ወደ ኤሌክትሪክ ሲቀይረው 15 ብር ገደማ ይቀራል። በዚያ ኤሌክትሪክ ውሃ ስትከፍሉ የ10 ብር ያህል ሃይድሮጅን ታገኛላችሁ። ሃይድሮጅኑ ሞተር ውስጥ ነዶ የሚመልስላችሁ 2 ብር ከ50 ነው። ቁጥሩ ከመኪና መኪና ይለያያል፣ ትርፍ ግን በፍጹም አይመጣም።

"ዲናሞው ይቅር፣ ከባትሪው እወስዳለሁ" ካላችሁም፣ 1 ሊትር ውሃ ለመክፈል ቢያንስ 4.4 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። የተለመደ የቤት መኪና ባትሪ ሙሉ ሆኖ የሚይዘው ከ1 ኪሎዋት ሰዓት በታች ነው።

ስታንሊ ማየርስ?

የብዙዎቹ ቪዲዮዎች ጀግና አሜሪካዊው ስታንሊ ማየር ነው። ፓተንት ነበረው፣ እውነት ነው። ፓተንት ግን ሐሳቡን ሌላ ሰው እንዳይወስድ ይጠብቃል እንጂ ዕቃው ለመሥራቱ ማረጋገጫ አይደለም። በ1996 (እ.አ.አ) ገንዘብ ያወጡ ሁለት ሰዎች ኦሃዮ ውስጥ ከሰሱት። ባለሙያዎች ዕቃውን መርምረው ተራ ውሃ መክፈያ ነው አሉ፤ ፍርድ ቤቱም ከባድ ማጭበርበር ነው ብሎ 25,000 ዶላር እንዲመልስ ወሰነ። በ1998 ሲሞት "መርዘውት ነው" ተባለ፤ አስከሬኑን የመረመረው ቢሮ ግን የሞተው በጭንቅላቱ ውስጥ ባለ የደም ሥር ችግር ነው ብሏል።

ለመሞከር ያሰባችሁ ይህን ሳታነቡ እንዳትነኩ

ከአሮጌ ማይክሮዌቭ የሚወጣ ትራንስፎርመር 2,000 ቮልት አካባቢ ይሰጣል፤ ይገድላል። ካፓሲተሩ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ሃይድሮጅን ከአየር ጋር ከ4 እስከ 75 በመቶ ሲቀላቀል ይቀጣጠላል፣ ነበልባሉም በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል። ከኦክስጅኑ ጋር አንድ ዕቃ ውስጥ ታሽጎ ከተጠራቀመ ፈንጂ ነው። "ቶሎ እንዲሠራ" ተብሎ ጨው ከተጨመረበት ደግሞ ሳንባ የሚጎዳ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ኪት ሊሸጥላችሁ የመጣ ሰው ካለ ሦስት ነገር ጠይቁት። የቤንዚን መስመሩን ዓይናችሁ እያየ ይንቀልላችሁ። ባትሪው ከመነሳቱ በፊትና ከቆመ በኋላ በቴስተር ይለካ። ከዚያ 5 ደቂቃ ሳይሆን ሙሉ ቀን ይሥራ።

መልሱ ጉርድ ሾላ ላይ እያለፈ ነው

ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በጉርድ ሾላ የሚያልፈው ቀላል ባቡር ከላዩ ካለው ሽቦ 750 ቮልት እየወሰደ ነው የሚሄደው። ኤሌክትሪኩ ውሃ ውስጥ አይዞርም፣ በቀጥታ ሞተር ያዞራል። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ሲከለከል፣ በጳጉሜን 2017 ደግሞ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ አቅጣጫው ይኸው ነው። እጃችሁ ለሽቦና ለብየዳ የሚበላችሁ ከሆነ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ባትሪና ቻርጀር መጠገን ተማሩ። እዚያ ላይ ሥራ አለ።

ለኪት ብር እያጠራቀመ ያለ ጓደኛ ካላችሁ፣ ብሩን ሳይከፍል ይህችን ሼር አድርጉለት።