የኤሌክትሮ ቴክኒካል ኦፊሰር ሚና በመርከብ ጉዞ ደህንነት

አንድ የንግድ መርከብ ከወደብ ተነስቶ ጉዞ ከጀመረ በኋላ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያገኘው ከራሱ ጄኔሬተሮች ብቻ ነው። መሪው፣ ራዳሩ፣ የመገናኛ መሣሪያዎቹ፣ የነዳጅና የማቀዝቀዣ ውኃ ፓምፖቹ፣ የእሳት ማስጠንቀቂያውና የሚበላሽ ጭነት የያዙ የማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮች የሚሠሩት በዚሁ ኃይል ነው። ይህን ሥርዓት የሚቆጣጠረውና የሚጠግነው ባለሙያ የመርከቡ የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መኮንን ሲሆን፣ በዓለም አቀፍ ደረጃ ኤሌክትሮ ቴክኒካል ኦፊሰር በሚል መጠሪያ ይታወቃል።

ባለሙያው በአብዛኛው ተጠሪነቱ ለመርከቡ ዋና መሐንዲስ ነው። ጄኔሬተሮችን፣ ማከፋፈያ ቦርዶችን፣ ሞተሮችን፣ ባትሪዎችንና የኮምፒውተር መቆጣጠሪያዎችን በየጊዜው ይፈትሻል፤ የሽቦዎችን የመከላከያ ልባስ ጥንካሬ ይለካል፤ የተገኘውንም ውጤት በመዝገብ ያሰፍራል። በበርካታ መርከቦች የሚሠራበት የኤሌክትሪክ ኃይል 440 ቮልት ሲሆን፣ በትልልቅ መርከቦች ግን 6 ሺህ 600 ቮልትና ከዚያም በላይ ይደርሳል። በመሆኑም ማንኛውም ጥገና ከመጀመሩ በፊት ኃይሉን ማቋረጥ፣ ማብሪያውን መቆለፍና መስመሩ ከኤሌክትሪክ ነፃ መሆኑን በመለኪያ ማረጋገጥ የግድ ይሆናል።

ዋናው ኃይል በድንገት ቢቋረጥ የመጠባበቂያው ጄኔሬተር በራሱ ተነስቶ ቢበዛ በ45 ሰከንድ ውስጥ ኃይል መስጠት እንዳለበት በባህር ላይ የሰው ሕይወት ደህንነትን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት ይደነግጋል። ይህ መሣሪያ በሚፈለግበት ሰዓት እንዲነሳ አስቀድሞ መሞከር ከመኮንኑ መደበኛ ተግባራት አንዱ ነው።

የሥራው ክብደት በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. መጋቢት 26 ቀን 2024 በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ በደረሰው አደጋ ነው። ዳሊ የተባለችው የኮንቴይነር መርከብ ከወደብ እየወጣች ሳለ ኃይሏ በመቋረጡ ከፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ምሰሶ ጋር ተጋጨች። ድልድዩ ሲደረመስ በላዩ ጥገና ያካሂዱ የነበሩ 6 ሠራተኞች ሕይወታቸው አልፏል። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2025 ይፋ ባደረገው የምርመራ ውጤት መሠረት፣ የመጀመሪያው የኃይል መቋረጥ መነሻ አንድ የላላ ሽቦ ነበር። የሽቦው መለያ ምልክት በአግባቡ ባለመገጠሙ ሽቦው ወደ ማያያዣው ሙሉ በሙሉ ሳይገባ ቀርቷል።

በአንድ ትልቅ መርከብ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ መሰል ግንኙነቶች አሉ። ብልሽቱ አደጋ ካስከተለ በኋላ ከመፈለግ ይልቅ በተያዘለት መርሐ ግብር አስቀድሞ መፈተሽ የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ሙያው በዓለም አቀፍ ሕግ ራሱን የቻለ የብቃት ደረጃ ያገኘው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የባህርተኞች ሥልጠናና የብቃት ማረጋገጫ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 በማኒላ ሲሻሻል የኤሌክትሮ ቴክኒካል ኦፊሰር መመዘኛ ተካቶበት ከጥር 1 ቀን 2012 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። በተፈቀደ የሥልጠና ፕሮግራም የሚያልፍ ዕጩ ቢያንስ 12 ወራት የወርክሾፕ ሥልጠናና የባህር ላይ አገልግሎት ማሟላት ያለበት ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ከ6 ወራት የማያንሰው በባህር ላይ መሆን ይገባዋል።

ኢትዮጵያ የባህር በር ባይኖራትም በዘርፉ ባለሙያዎችን ታፈራለች። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የኢትዮጵያ ማሪታይም ማሠልጠኛ ተቋም ከመርከብ መሐንዲሶች ጎን ለጎን ኤሌክትሮ ቴክኒካል ኦፊሰሮችን ያሠለጥናል። ሠልጣኞቹ በዓለም አቀፍ መርከቦች ተቀጥረው ስለሚሠሩ፣ የሚይዙት የምስክር ወረቀት ተቀባይነት የሚኖረው የሥልጠናው፣ የፈተናውና የቁጥጥሩ ጥራት በስምምነቱ መሠረት ሲጠበቅ ነው። ስለሆነም የምስክር ወረቀት የሚሰጠው አካል ኃላፊነት በመርከቡ ላይ ሽቦ ከሚፈትሸው መኮንን ኃላፊነት ተለይቶ የሚታይ አይደለም።